«ስቱደንት» ማን ነበር?

በስታትስቲክስ ትምህርት «የስቱደንት ቲ» ሲባል ብዙዎቻችን ለተማሪ እንዲቀል ተብሎ የተዘጋጀ ሰንጠረዥ ይመስለናል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ለካ የአንድ ሰው የብዕር ስም ኖሯል።

ዊልያም ሲሊ ጎሴት እ.ኤ.አ. በ1876 እንግሊዝ ውስጥ ካንተርበሪ ተወለደ። ኦክስፎርድ ሒሳብና ኬሚስትሪ ተምሮ በ1899 ደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ገባ። ሥራው ከገብስና ከብቅል ጋር ነበር። የትኛው የገብስ ዘር እንደሚሻል ለማወቅ እጁ ላይ ያለው ግን የጥቂት ማሳ ውጤት ብቻ ነው፤ የጊዜው ስሌት ደግሞ ብዙ ናሙና ላለው ሰው የተሠራ። ታዲያ ምን ያድርግ?

በ1906 ለንደን ካርል ፒርሰን ዘንድ ሄዶ ችግሩን ያዘው። የ3000 እስረኞችን የቁመትና የጣት ልኬት በካርድ ጽፎ፣ ካርዶቹን በውዞ፣ አራት አራት እያደረገ 750 ናሙና አወጣ። ያለ ኮምፒውተር! በቀመር ያገኘውን ከካርዶቹ ጋር ሲያስተያየው ተቀራረበለት። ውጤቱን በ1908 ሲያሳትም ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲጽፉ ስለማይፈቅድ «ስቱደንት» ብሎ ፈረመ።

ነገሩን ወደ መራዊ እናምጣው። በቆጋ መስኖ ከለማ ስንዴ አራት ማሳ በዕጣ መርጠን በሄክታር 28፣ 30፣ 34 እና 36 ኩንታል አገኘን እንበል። አማካዩ 32፣ መደበኛ ልይይቱ 3.65 ነው። የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉን በተለመደው 1.96 ካሰላነው ከ28.4 እስከ 35.6 ይሆናል። በቲ ሰንጠረዥ ግን ማባዣው 3.182 ስለሆነ ከ26.2 እስከ 37.8 ይሰፋል። የአካባቢው አማካይ ከ28 አይወርድም ብለን የማዳበሪያ ብድር ብናሰላና 26 ሆኖ ቢገኝ፣ ዕዳው የእኛ ሳይሆን የገበሬው ነው።

ሰንጠረዡን ዛሬ በምናውቀው መልክ ያስተካከለው ሮናልድ ፊሸር ነው። የመተማመኛ ክልል የሚለውን ሐሳብ ደግሞ ጄርዚ ኔይማን በ1930ዎቹ አመጣው። ፊሸርና ፒርሰን አይዋደዱም ነበር፤ ጎሴት ግን ከሁለቱም ጋር ተስማምቶ ኖረ፣ ይኼ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

የዩኒቨርሲቲ መምህር ሳይሆን የቢራ ፋብሪካ ሰው እንደሆነ ቀረ። በ1935 ጊነስ ለንደን ወደሠራው አዲስ ፋብሪካ ተዛውሮ፣ በ1937 በ61 ዓመቱ አረፈ። ጽሑፎቹን ከሞላ ጎደል ሁሉ ያወጣው በዚያው በብዕር ስሙ ነው።