አባ ጎርጎርዮስ ዘመካነ ሥላሴና ወዳጃቸው ኢዮብ ሉዶልፍ

የግእዝንና የአማርኛን ትምህርት ለባሕር ማዶ ሊቃውንት ካስተላለፉት ኢትዮጵያውያን መካከል የአባ ጎርጎርዮስን ያህል ስሙ የሚነሣ ጥቂት ነው። አባ ጎርጎርዮስ በቤተ አምሐራ በመካነ ሥላሴ የተወለዱ፥ የአገራቸውን መጻሕፍትና የነገሥታቱን ታሪክ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ይሁን እንጂ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከኢየሱሳውያን ጋራ ተወዳጅተው የሮምን እምነት ተቀበሉ። በ1632 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) የአባቶች ሃይማኖት ተመልሶ ዐፄ ፋሲለደስ በነገሡ ጊዜ ኢየሱሳውያኑ ከአገር እንዲወጡ ተፈረደ፤ አባ ጎርጎርዮስም አብረዋቸው ተሰደዱ። ከእናት ቤተ ክርስቲያን መለየታቸውን ልናመሰግን አንችልም፤ ብዙ ሰማዕታት ደማቸውን ያፈሰሱበት ነገር ነውና። ነገር ግን ለቋንቋችን የሠሩትን ሥራ በዚህ ምክንያት መሸሸግ ፍርድ ማጓደል ይሆናል።

በሮም ከተማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለች። ከኢየሩሳሌም አልፈው የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ማረፊያቸው በዚያ ነበር። መዝሙረ ዳዊት በግእዝ ፊደል በ1513፥ ሐዲስ ኪዳንም በ1548ና በ1549 በአባ ተስፋ ጽዮን ድካም የታተሙት በዚያችው በሮም ከተማ ነው። አባ ጎርጎርዮስም ከብዙ እንግልት በኋላ በዚህ ቤት ተቀመጡ።

ኢዮብ ሉዶልፍ የኤርፉርት ከተማ ተወላጅ የሆነ ጀርመናዊ ነው። በ1649 ወደ ሮም የመጣው ግእዝ ፍለጋ አልነበረም፤ የስዊድን መንግሥት የጠፉ ጽሑፎች በዚያ እንዳሉ ስለ ተሰማ እነርሱን እንዲፈልግ ተልኮ ነው። ዕድሜው ገና ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ነበር። ነገር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ቋንቋ መማር ይወድ ስለ ነበር፥ አስተማሪ ሳይኖረው ከታተሙት መጻሕፍት ግእዝን በራሱ ድካም አጥንቶ ነበር። ኢትዮጵያውያን በሮም መኖራቸውን በሰማ ጊዜ ፈልጎ አገኛቸው።

በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። በአቃቂ ቃሊቲ አጥቢያዎች ንባብ የሚማር ሕፃን እንኳ እንደሚያውቀው፥ የግእዝ ንባብ ከፊደሉ ብቻ አይገኝም። ተነሽ፥ ወዳቂ፥ ሰያፍ፥ ተጣይ የሚባለው ሁሉ በመምህሩ አፍ የሚኖር ነው። የሚጠብቀውና የሚላላውም በፊደላችን አይለይም፤ በአማርኛም አለ ብሎ የጻፈ ሰው ተናገረ ማለቱ ይሁን ወይስ ይገኛል ማለቱ፥ የሚታወቀው በድምፅ ነው። ሉዶልፍ መጽሐፉ ነበረው፥ አፉ ግን አልነበረውም። አባ ጎርጎርዮስም በበኩላቸው ቋንቋቸውን እንደ ሰዋስው ሕግ ከፍሎ ከሥሩ ጀምሮ የሚጠይቃቸው ሰው ከዚያ በፊት አላገኙም ብንል ከእውነት የራቀ አይመስለንም። በሌላ ቋንቋ እንደ ልብ ስላልተግባቡ ሁለቱ በግእዝ ሊነጋገሩ ግድ ሆነ። ለአገራችን ሰው ግእዝ የቅዳሴና የመጽሐፍ እንጂ የጨዋታ ቋንቋ አይደለም፤ ስለዚህ የዚያን ጊዜ ንግግር ለአስተማሪውም ለተማሪውም አዲስ ነበረ።

ሉዶልፍ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ወዳጅነታቸው በደብዳቤ ሆነ። የአልፕስ ተራሮች በመካከላቸው ነበሩ። አባ ጎርጎርዮስ በግእዝ ይጽፉለት ነበር፤ ከነዚያም ደብዳቤዎች የተረፉ አሉ።

ሉዶልፍ በጎታው መስፍን በኤርንስት ቤት በሹመት በተቀመጠ ጊዜ፥ መስፍኑ አባ ጎርጎርዮስን አስጠራቸው። በ1652 በበጋ ወራት ወደ ጎታ ሄደው እስከ መስከረም ድረስ ቆዩ። መስፍኑ የሉተርን ትምህርት የሚከተል፥ እንግዳውም የሮምን እምነት የያዙ ሲሆኑ፥ በክብር ተቀበላቸው። ሉዶልፍ ስለ አገሩ ተራራና ወንዝ፥ ስለ አራዊቱና ስለ እህሉ፥ ስለ ነገሥታቱና ስለ ሕዝቡ ልማድ እየጠየቀ የሰማውን ሁሉ ጻፈ። አማርኛንም የተማረው ከእርሳቸው ነው።

ከዚያ በኋላ አባ ጎርጎርዮስ ወደ ኢጣልያ ተመለሱ። ልባቸው ግን ወደ አገራቸው ነበረ። በ1658 ወደ ኢትዮጵያ ሊመለሱ በባሕር ሲጓዙ፥ በሶርያ ጠረፍ በእስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ። ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ በተሰበረ ጊዜ ወደ ማልታ ደሴት ወጥቷል፤ እርሳቸው ግን ወደ የብስ አልደረሱም። አገራቸውንም አላዩ፥ ከወዳጃቸው ጋር ከደከሙበት ሥራ የታተመ አንድ መጽሐፍ እንኳ በእጃቸው አልያዙም።

የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በለንደን የታተመው በ1661፥ ከሞቱ ሦስት ዓመት በኋላ ነውና። በ1663 መስፍኑ ቫንስሌብ የሚባለውን የሉዶልፍን ደቀ መዝሙር ወደ ኢትዮጵያ ላከው፤ ሰውየው ግን ከግብጽ አላለፈም። ሉዶልፍ አስተማሪውን ካጣ በኋላ የቀረው የጻፈው ማስታወሻና ደብዳቤዎቹ ብቻ ነበሩ። በዚያ ላይ ተመሥርቶ በ1681 በፍራንክፉርት የኢትዮጵያን ታሪክ በአራት ክፍል አሳተመ፤ በሚቀጥለው ዓመት በእንግሊዝኛ ተተረጎመ። የሞተ ሰው አይከራከርምና ሉዶልፍ ዕውቀቱን ሁሉ የራሱ ለማስመሰል ይችል ነበር። እርሱ ግን የመምህሩን ስም በመጽሐፉ እየጠራ መሰከረላቸው፤ በ1691 ባወጣው የታሪኩ ማብራሪያም የአባ ጎርጎርዮስን ሥዕል አስቀርጾ አተመ። ዛሬ መልካቸውን የምናውቀው በዚህ ነው።

በ1683 ለኢትዮጵያ ሕዝብ በግእዝ መልእክት ጽፎ አሳተመ። በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ወጣ። ግእዝ የሌሉት ሸ፥ ቸ፥ ኘ፥ ጀ፥ ጨ የሚባሉት የአማርኛ ፊደላት በሰዋስው መጽሐፍ ተዘርዝረው ታተሙ፤ አባ ጎርጎርዮስ ከሞቱ አርባ ዓመት ሆኖ ነበር። ሉዶልፍ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ሆኖ በ1698 ያሳተመው፥ በጎልማሳነቱ በጎታ የተማረውን ነው። በ1701 ደግሞ መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1704 በፍራንክፉርት ዐረፈ፤ የኢትዮጵያን ምድር ግን በእግሩ ረግጦ አያውቅም።