ታናካ ሾዞና የዋታራሴ ወንዝ ገበሬዎች

በጃፓን አገር ከቶክዮ በስተሰሜን የሚገኘው የዋታራሴ ወንዝ ከአሺዮ ተራሮች ተነሥቶ ከታላቁ የቶኔ ወንዝ ጋር ይቀላቀልና ወደ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ይወርዳል። በጥንት ጊዜ የወንዙ ዳር ገበሬዎች ጎርፍን እንደ ጠላት ብቻ አይመለከቱትም ነበር። ጎርፉ ከላይኛው ጫካ ለም አፈር አምጥቶ ማሳቸውን ስለሚያለብስ በተከታዩ ዓመት ያለ ማዳበሪያ ጥሩ አዝመራ ያገኙ ነበር። ይህ ወንዝ መርዝ ተሸካሚ በሆነ ጊዜ ከገበሬዎቹ ጎን የቆሙት ታናካ ሾዞ ናቸው።

ታናካ እ.ኤ.አ. በ1841 በኮናካ መንደር ከጭቃ ሹም ቤተሰብ ተወለዱ። የአባታቸውን ሹመት በወጣትነታቸው ተረክበው ሲያገለግሉ የባላባቱን አስተዳደር በደል በመቃወማቸው ታሠሩ። በኋላም ባልፈጸሙት የነፍስ ግድያ ተጠርጥረው ሦስት ዓመት ያህል በወህኒ ቤት ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1890 የጃፓን የመጀመሪያው ፓርላማ ሲቋቋም የአካባቢያቸው ሕዝብ እንደራሴ ሆነው ተመረጡ።

በዚያው ዓመት የዋታራሴ ወንዝ ሞልቶ ማሳዎችን አጥለቀለቀ፤ የተከተለው ግን ለም አፈር ሳይሆን የሩዝ መድረቅ ነበር። ምክንያቱም ከወንዙ ራስጌ ነበር። ፉሩካዋ ኢቺቤ የተባለው ባለሀብት እ.ኤ.አ. በ1877 የገዛው የአሺዮ መዳብ ማዕድን ጫካውን ለማገዶና ለዋሻ ድጋፍ አስቆረጠው። ከመጥረቢያ የተረፈውን ዛፍ ደግሞ ከመዳብ ማቅለጫው የሚወጣው የድኝ ጭስ አደረቀው። የተራቆተው ተራራ ዝናብ መያዝ ስላልቻለ ውሃው የማዕድኑን ዝቃጭ እየጠረገ ወደ ሜዳው ወረደ። ዓሣው አለቀ፤ አጥማጆችም ሥራ ፈቱ።

ታናካ ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ1891 ለፓርላማ አቀረቡ። መልስ መስጠት የነበረባቸው የእርሻና የንግድ ሚኒስትር ልጃቸውን ለፉሩካዋ በጉዲፈቻ የሰጡ ሰው ስለነበሩ መልሱ ምን ዓይነት እንደነበረ መገመት አያዳግትም። እ.ኤ.አ. በ1896 ከቀድሞው የከፋ ጎርፍ በደረሰ ጊዜ ገበሬዎቹ ኡንርዩጂ በተባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ጽሕፈት ቤት አቋቁመው በእግር ወደ ቶክዮ ለአቤቱታ መትመም ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1900 ከ2,000 የሚበልጡ ገበሬዎች በካዋማታ የወንዝ መሻገሪያ ላይ በፖሊስ ተደበደቡ፤ 51 ሰዎችም ተከሰሱ።

ታናካ እ.ኤ.አ. በ1901 የፓርላማ ወንበራቸውን ለቀቁ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 10 ቀን አቤቱታ ይዘው ወደ ንጉሠ ነገሥት ሜጂ ሠረገላ ሮጡ፤ ጠባቂዎች ያዟቸው፤ እንደ እብድ ተቆጥረውም ተለቀቁ። ስማቸው ሲነሣ የሚታወሰው ይህ ቀን ነው። ለእርሻ ሰው ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ ያለው የ12 ዓመት ሥራቸው ነው።

መንግሥት ማዕድኑን ከመዝጋት ይልቅ ሁለቱ ወንዞች በሚገናኙበት አጠገብ ያለችውን የያናካን መንደር የጎርፍ ማጠራቀሚያ ሊያደርጋት ወሰነ። በመንደሯ 450 ያህል አባወራዎች ይኖሩ ነበር። ታናካ በ1904 ገብተው ከሕዝቡ ጋር መኖር ጀመሩ። አብዛኛው ሰው በትንሽ ካሳ ለቀቀ፤ ከፊሉም ቆይቶ እስከ ሩቁና ብርዳማው ሆካይዶ ድረስ ሄደ። አልወጣም ያሉት የ16 አባወራዎች ቤቶች በ1907 በመንግሥት ትእዛዝ ፈረሱ። ባለቤቶቹ በፍራሹ ላይ ጎጆ ቀልሰው ቀሩ፤ ሽማግሌው ታናካም አልተለዩዋቸውም።

በ1910 በአካባቢው ታላቅ ጎርፍ ከደረሰ በኋላ ሰባ ዓመት የተጠጉት ታናካ የዋታራሴንና የቶኔን ተፋሰስ መንደር ለመንደር ዞሩ። ውሃው እስከ የት እንደ ደረሰ የየቦታውን ነዋሪ እየጠየቁ መዘገቡ። ቶኔ ወደ ቶክዮ ባሕረ ሰላጤ የሚወርድ ኤዶ የተባለ ቅርንጫፍ አለው። በታናካ እምነት የዚህ ቅርንጫፍ አፍ በመጥበቡ ውሃው ወደ ኋላ እየተገፋ ዋታራሴን ያስሞላ ነበር። ከታች ክትር ከፍ ማድረግም ሆነ መንደር ማጥለቅ መፍትሔ እንደማይሆን፣ ሥራው ከተራራው ጫካ መጀመር እንዳለበት፣ የወንዙን ጠባይም ከመሐንዲሱ ይልቅ ነዋሪው እንደሚያውቀው አስረዱ። የሰማቸው ባለሥልጣን ግን አልነበረም።

እንዲህ ሲዞሩ ታመው እ.ኤ.አ. መስከረም 4 ቀን 1913 በአንድ ገበሬ ቤት አረፉ። ሀብታቸውን ቀድሞ ለትግሉ ስለጨረሱ በእጃቸው የነበረው አንድ ከረጢት ነው። በውስጡም አዲስ ኪዳን፣ የቀን ማስታወሻ፣ ያላለቀ ጽሑፍና ጥቂት ጠጠሮች ተገኙ። ለቀብራቸው እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጣ።

ያናካ አልተመለሰችም፤ ስፍራዋ ዛሬ ሸምበቆ የለበሰ ሰፊ ረግረግ ነው። ማዕድኑ በ1973 ቁፋሮ አቆመ፤ በተከታዩ ዓመትም የታችኛው ተፋሰስ ገበሬዎች ከኩባንያው ካሳ አገኙ። በአሺዮ ገደላማ ተራሮች ላይ ከ1996 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች በየዓመቱ በፀደይ ወራት ችግኝ ይተክላሉ። የቀድሞው አፈር ታጥቦ ስለሄደ ተካዮቹ ከችግኙ ጋር አፈሩንም ተሸክመው ዳገቱን ይወጣሉ።