ከትምህርት ቤት ግቢ የወጣው ዋንጫ

ጥሎ ማለፍ ሲባል ሕጉ ለማንም አይጠፋም። ከተሸነፍክ ሻንጣህን ይዘህ ወደ ቤትህ! ትንንሾቹ ክለቦች ትልልቆቹን ጉድ የሚሠሩበት የእንግሊዙ ኤፍ ኤ ካፕ የዚህ ዓይነት ውድድሮች ሁሉ አባት ነው። የዋንጫው ሐሳብ ግን መነሻው የክለብ ፕሬዚዳንት ቢሮ አይደለም፤ ለንደን ዳር ያለው የሃሮው ትምህርት ቤት ጭቃማ ሜዳ ነው። ሐሳቡን ከግቢው ያወጣው ሰው ደግሞ ቻርልስ ዊሊያም አልኮክ ይባላል።

አልኮክ እ.ኤ.አ. በ1842 በሰሜን እንግሊዝ ሰንደርላንድ ተወለደ። አባቱ በመርከብ ሥራ የከበረ ሰው ነበርና ልጆቹን ሃሮው አስገባ። ሃሮው አዳሪ ትምህርት ቤት ሲሆን ተማሪዎቹ በየማደሪያ ቤታቸው ተከፋፍለው ይኖራሉ። ኳስም የሚጫወቱት ቤት ለቤት እየተጋጠሙ ነው። የተሸነፈው ቤት ይወጣል፣ ያሸነፈው ይቀጥላል፤ መጨረሻ ላይ ብቻውን የቀረው ኮክ ሀውስ፣ በእኛ አነጋገር አውራው ቤት ይባላል። 8ኛ ኤ ከ8ኛ ቢ ሲገጥም የነበረውን ጩኸት የሚያስታውስ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ኳሱ እንኳን እንደ ዛሬው ድቡልቡል አልነበረም፤ ከላይና ከታች ጠፍጠፍ ያለ፣ ጭቃ ላይ የሚንከባለል ነገር ነው።

አልኮክ በ1859 ከሃሮው ሲወጣ ይህ ፍቅር አብሮት ወጣ። ከታላቅ ወንድሙ ከጆንና ከሌሎች የሃሮው ልጆች ጋር ሆኖ ፎረስት የተባለ ክለብ አቋቋመ፤ ይኸው ክለብ ነው ኋላ የራሱ ሜዳ የሌለው ዋንደረርስ የሆነው። ችግሩ ታዲያ የትምህርት ቤት ፍቅር ለኳሱ እንቅፋትም ነበር። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱ ሕግ አለው፤ አንዱ በእጅ መያዝ ይፈቅዳል፣ ሌላው ይከለክላል፤ የኔ ሕግ ካልሆነ አልጫወትም የሚለውም ብዙ ነው።

በ1870 የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጸሐፊ የሆነው አልኮክ መፍትሔውን ያገኘው ከልጅነቱ ነው። ጁላይ 20 ቀን 1871 ለንደን ውስጥ ስፖርትስማን በተባለው ጋዜጣ ቢሮ በተደረገ ስብሰባ፣ ክለቦች ሁሉ በአንድ ሕግ የሚጋጠሙበት ዋንጫ ይኑር አለ። ሰውየው ራሱ የስፖርት ጋዜጠኛ ነበርና ቦታው አያስገርምም።

15 ክለቦች ተመዘገቡ። ከእነሱ መካከል አንዱ ትምህርት ቤት ነው፣ ዶኒንግተን። ከግላስጎው ኩዊንስ ፓርክ ጋር ቢደርሰውም ጉዞው ስለከበደው ሳይጫወት ወጣ። የሃሮው የቀድሞ ተማሪዎች ቡድን የሆነው ሃሮው ቼከርስም በመጀመሪያው ዙር ለዋንደረርስ በፎርፌ ለቀቀ። ዋንደረርስ ፍጻሜ የደረሰው እውነቱን ለመናገር አንድ ጨዋታ ብቻ አሸንፎ ነው! በግማሽ ፍጻሜው ከኩዊንስ ፓርክ 0ለ0 ቢለያይም፣ ስኮትላንዳውያኑ ለድጋሚው ጨዋታ ለንደን የሚቆዩበት ገንዘብ አጥተው ተመለሱ።

ማርች 16 ቀን 1872 በኬኒንግተን ኦቫል 2 ሺህ ያህል ተመልካች ተገኘ። ተጋጣሚው የጦር መሐንዲሶቹ ሮያል ኢንጂነርስ ነበር። ጨዋታው እንደተጀመረ ከመሐንዲሶቹ አንዱ፣ ክሬስዌል፣ የአንገቱ አጥንት ተሰበረ። ቅያሪ የሚባል ነገር ስለሌለ እስከ መጨረሻው ሜዳ ላይ ቆየ። ብቸኛዋን ጎል ያገባው የዋንደረርሱ ሞርተን ቤትስ ሲሆን የተመዘገበው ግን ኤ. ኤች. ቼከር በሚል ስም ነው፤ የሃሮው ቼከርስ ሰው ማለት ነው። ሳይጫወት የወጣው ቡድን ስሙ በፍጻሜው ጎል ላይ ተገኘ። የአሸናፊው ቡድን አምበል? ራሱ አልኮክ።

ዋንደረርስ ዋንጫውን በሰባት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ በላ። ያፈረሰው ግን ያው የትምህርት ቤት ፍቅር ነው። የየትምህርት ቤቱ ልጆች የራሳቸውን ክለብ እያቋቋሙ ሄዱበት፤ የኢተን ልጆች ኦልድ ኢቶኒያንስን፣ የቻርተርሃውስ ልጆች ኦልድ ካርቱሲያንስን ይዘው ዋንጫውን ተራ በተራ ወሰዱት።

በ1883 ደግሞ ሸማኔና የቧንቧ ሠራተኛ የተሰለፉበት ብላክበርን ኦሎምፒክ ኦልድ ኢቶኒያንስን በጭማሪ ሰዓት 2ለ1 አሸንፎ ዋንጫውን ወደ ሰሜን ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲህ አንድም የቀድሞ ተማሪዎች ክለብ ፍጻሜ አልደረሰም። ትልቁ ጠብ የመጣው እዚህ ላይ ነው። የሰሜን ክለቦች ለተጫዋቾቻቸው በድብቅ ይከፍላሉ ተባለ፤ ብዙዎቹ የትምህርት ቤት ጨዋዎች በገንዘብ የሚጫወት ይባረር አሉ። አልኮክ የነሱው ልጅ ነው፤ ከነሱ ጋር ቢቆም ማንም አይፈርድበትም ነበር። እሱ ግን ክፍያው በግልጽ ይፈቀድ ብሎ ተከራከረ። በጁላይ 1885 ፕሮፌሽናል ተጫዋች ሕጋዊ ሆነ። በዚህ ውሳኔ የሃሮው ልጆች ጨዋታ የሠራተኛው እንጀራ ሆነ።

አልኮክ የማኅበሩን ጸሐፊነት በ1895 ለቀቀ፤ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1907 በብራይተን አረፈ። ከሁለት ወር በኋላ ሼፊልድ ዌንስዴይ ኤቨርተንን 2ለ1 ረትቶ ዋንጫውን ሲወስድ ክሪስታል ፓላስ ሜዳ ላይ ከ84 ሺህ በላይ ተመልካች ነበር።