የነፋስን ኃይል ለገጠሩ ሕዝብ ያዋሉት መምህር

ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሺሺንዳ ነፋስ ለገበሬው እንግዳ ኃይል አይደለም። በአልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ያደርቅለታል። በአውድማም ምርቱን በላይዳ ወደ ላይ ሲወረውር ገለባውን ይወስድና ፍሬውን ይተውለታል። ገለባ የሚገፋው ይኸው ኃይል ሰፊ ክንፍ ሲያገኝ የወፍጮ ድንጋይ ያዞራል፣ ውሃ ይስባል፣ ኤሌክትሪክም ያመነጫል። ይህ የመጨረሻው ጥቅም ለገጠር መንደሮች እንዲደርስ ዕድሜአቸውን ከሰጡት ሰዎች ቀዳሚው የዴንማርኩ መምህር ፖል ላኩር ናቸው።

ላኩር ኤበልቶፍት ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ በ1846 ከገበሬ ቤት ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ፊዚክስና የአየር ጠባይ ጥናት ተምረው፣ በ1872 የዴንማርክ የሚቲዎሮሎጂ ተቋም ሲመሠረት ምክትል ኃላፊ ለመሆን በቁ። በቴሌግራፍ ረገድም የፈለሰፏቸው ነገሮች ስማቸውን ከአገራቸው ውጭ አስጠርተውት ነበር። በኮፐንሃገን ተደላድለው ለመኖር የሚያግዳቸው ነገር አልነበረም።

ነገር ግን በ1878 ሹመቱን ትተው አስኮቭ ወደምትባል የገጠር መንደር ሄዱና በሕዝብ ትምህርት ቤት የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ሆኑ። ትምህርት ቤቱ ለአካለ መጠን የደረሱ የገበሬ ልጆች ያለ ፈተና ዕውቀት የሚቀስሙበት ነበር። በዚያ ዘመን ኤሌክትሪክ ለከተማው ብቻ ይዳረስ ጀመር። የሚመነጨውም በአብዛኛው ከውጭ አገር በሚገዛ የድንጋይ ከሰል ነው። ላኩርን ያሳሰባቸው ከተማው ሲበራ ገጠሩ በጨለማ መቅረቱ፣ ወጣቱም የተሻለ ኑሮ ፍለጋ መንደሩን እየለቀቀ መሄዱ ነበር። ከሰል የሌላት ዴንማርክ ግን ነፋስ ሞልቷታል።

በ1891 ከመንግሥት በተሰጣቸው ገንዘብ በአስኮቭ የሙከራ ወፍጮ አቆሙ። ክንፎቹ የሚያዞሩት የወፍጮ ድንጋይ ሳይሆን ዲናሞ ነበር። ያን ጊዜ የገጠማቸው የመጀመሪያ ችግር ዛሬም አልጠፋም፤ ነፋስ በሰዓቱ አይመጣም፣ ሲመጣም አንዴ ይበረታል፣ አንዴ ይደክማል። ለሁለተኛው መድኃኒት ያገኙለት በክብደት የተወጠረ የመዘውር ቀበቶ ነው። ነፋሱ ሲያይል ቀበቶው እየተንሸራተተ ዲናሞው በእኩል ፍጥነት እንዲዞር ያደርጋል። ለመጀመሪያው ደግሞ በኤሌክትሪኩ ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ከፋፍለው ጋዙን በታንከር አጠራቀሙ። ከ1895 እስከ 1902 ትምህርት ቤቱ የበራው በዚህ ጋዝ ነበር። አደጋ አልነበረውም ለማለት ግን አይቻልም። ሁለቱ ጋዞች ባልተፈለገ ጊዜ ሲደባለቁ እየፈነዱ የትምህርት ቤቱን የመስኮት መስታወት የሰባበሩበት ጊዜ ነበር። በኋላ ጋዙን ትተው ወደ ባትሪ ዞሩ።

ሌላው ትልቅ ሥራቸው የክንፎቹ ጥናት ነው። ሰዉ ሁሉ ክንፍ በበዛ ቁጥር ኃይል ይበዛል ብሎ ያምን ነበር። ላኩር በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነፋስ እያስነፈሱ ትናንሽ ክንፎችን በየተራ ፈተኑ። ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ጥቂት ሆነው በፍጥነት የሚዞሩት እንደሚሻሉ አረጋገጡ። ውሃ ለመሳብ ግን ብዙ ክንፍ ያለው ዝግ ብሎ የሚዞር መዘውር ዛሬም ተስማሚ ነው።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት አንድ ሕግ አለ። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ከእርሱ የሚገኘው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስም ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ቦታ መምረጥ መዘውሩን ከመግዛት ይቀድማል። እንደ ካፋ ባለ ደን በሸፈነው አገር ዛፉ የነፋሱን ጉልበት ይሰብረዋል፣ ሸለቆውም ይሸሽገዋል። ገላጣ ጉብታ ተመርጦ ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ የነፋሱ ፍጥነት ሳይለካ ገንዘብ ማውጣት ለኪሳራ ይዳርጋል። ምናልባትም በካፋ ከነፋሱ ይልቅ ከተራራው የሚወርደው ጅረት የተሻለ ኃይል ይሰጥ ይሆናል።

ከካፋ የሚነሱ ውሃዎች በጎጀብ በኩል ገብተው በሚቀላቀሉት በኦሞ ወንዝ ግርጌ ግን ሁኔታው የተለየ ነው። አገሩ ደረቅና ነፋሻ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ በዚያ በነበረ የሚሲዮን ጣቢያ ከሸራ የተሠሩ ክንፎች ያሏቸው መዘውሮች የወንዙን ውሃ ወደ አትክልት ቦታ ይስቡ ነበር። ነዳጅ የማይጠይቁ፣ ክንፋቸው ሲቀደድ በመርፌና በክር የሚጠገኑ ነበሩ።

ጥገና ላኩርም አብዝተው ያሰቡበት ጉዳይ ነው። በ1903 የዴንማርክ የነፋስ ኤሌክትሪክ ማኅበር እንዲቋቋም ካደረጉ በኋላ፣ በ1904 የገበሬ ልጆችን ኤሌክትሪክ መዘርጋትና መጠገን የሚያስተምር ኮርስ በአስኮቭ ከፈቱ። መሣሪያው በተበላሸ ቁጥር ከከተማ ባለሙያ የሚጠራ መንደር መብራቱን ይዞ እንደማይቆይ ተረድተው ነበር። ከፈጠራዎቻቸው ሁሉ ይህ ኮርስ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ላኩር በ1908 በ62 ዓመታቸው አረፉ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነዳጅ ባስወደደበት በ1918፣ በዴንማርክ 120 ያህል የገጠር ኤሌክትሪክ ጣቢያዎች በነፋስ ይሠሩ ነበር። የእያንዳንዱ መዘውር ጉልበት ከ20 እስከ 35 ኪሎዋት ነበር።

በ1904 ኮርሱን ከተከታተሉት ወጣቶች አንዱ ዮሐንስ ዩል ይባላል። ይህ ሰው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1957፣ ጌድሰር በተባለ ሥፍራ 200 ኪሎዋት የሚያመነጭ ባለ ሦስት ክንፍ መዘውር አቆመ፤ እስከ 1967ም ሠራ። ዛሬ በዓለም ላይ የተስፋፉት ማመንጫዎች በብዙው ከዚያ የተወረሱ ናቸው። በኢትዮጵያም በ2012 የተጠናቀቀው አዳማ አንድ 51፣ በ2013 የተመረቀው አሸጎዳ 120፣ በ2015 የተጠናቀቀው አዳማ ሁለት 153 ሜጋዋት እንዲያመነጩ ሆነው ተሠርተዋል። በአሸጎዳ ኮረብታዎች ላይ ከተተከሉት መዘውሮች ሠላሳው ባለ ሁለት ክንፍ፣ የቀሩት ባለ ሦስት ክንፍ ናቸው።