ቡከር ቲ. ዋሽንግተን፡- መጽሐፍንና መዶሻን ያስታረቁ መምህር

ወጣቶች ከትምህርት ቤት ሲወጡ ምን ሠርተው ያድራሉ የሚለው ጥያቄ በየዘመኑና በየአገሩ ወላጆችን፣ መምህራንንና መንግሥታትን ሲያሳስብ የኖረ ጉዳይ ነው። ለዚህ ጥያቄ በተግባር መልስ ለመስጠት ከደከሙት የትምህርት ሰዎች መካከል በባርነት ተወልደው የአንድ ታላቅ የሙያ ትምህርት ቤት መሥራች ለመሆን የበቁት አሜሪካዊው ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ተጠቃሽ ናቸው።

ቡከር እ.ኤ.አ. በ1856 በቨርጂኒያ ግዛት ሄልስ ፎርድ በተባለ ሥፍራ፣ ጄምስ ባሮውስ የተባሉ ባለርስት እርሻ ላይ ተወለደ። እናቱ ጄን የእርሻው ምግብ አብሳይ ስትሆን፣ ቤተሰቡ ይኖር የነበረውም ወለሏ አፈር በሆነና ለማብሰያነት በምታገለግል ጎጆ ውስጥ ነበር። አባቱ ነጭ እንደነበር ከመስማቱ በቀር ማንነቱን ሳያውቅ አድጓል። ብላቴናው የጌቶቹን ልጅ መጽሐፍ ተሸክሞ እስከ ትምህርት ቤት ደጃፍ ይሄድ ነበር። ሕጉ ባሮች እንዳይማሩ ይከለክል ስለነበር ግን ደጃፉን አልፎ ሊገባ አይችልም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1865 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት አብቅቶ ባሮች ነፃ ሲወጡ ቤተሰቡ የእንጀራ አባቱ ወደሚሠራበት ማልደን ወደተባለ የዌስት ቨርጂኒያ መንደር ተዛወረ። ነፃነት ቢገኝም ኑሮው የቀለለ አልነበረም። የእንጀራ አባቱ በጨው መቀቀያ ምድጃዎች ተቀጥሮ ይሠራ ስለነበር ቡከርም ገና በልጅነቱ ጨው በበርሜል ውስጥ እየጠቀጠቀ ይውል ጀመር። በየበርሜሉ ላይ የሠራተኛው መለያ ቁጥር ይጻፍ ነበርና፣ የእንጀራ አባቱ መለያ የነበረው 18 ቁጥር ልጁ በሕይወቱ ለይቶ ያወቀው የመጀመሪያው ጽሑፍ ሆነ። እናቱ ራሷ ማንበብ ባትችልም የፊደል መቁጠሪያ መጽሐፍ ፈልጋ ሰጠችው።

በአካባቢው ለጥቁር ሕዝብ ልጆች ትምህርት ቤት ሲከፈት የእንጀራ አባቱ የልጁን የቀን ገቢ ለማጣት አልፈቀደም። በመሆኑም ቡከር በመጀመሪያ ማታ ማታ፣ ቆይቶም ከሌሊቱ መገባደጃ እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሠርቶ ቀን መማር ጀመረ። መምህሩ ስም ሲመዘግቡ ሌሎቹ ልጆች የቤተሰብ ስም እንዳላቸው የተረዳው ብላቴና፣ ተራው ሲደርስ ዋሽንግተን ብሎ ራሱን አስመዘገበ። ትምህርቱ ግን ብዙ አልዘለቀም። ወደ ድንጋይ ከሰል ማዕድን ጉድጓድ ወርዶ መሥራት ግድ ሆነበት።

ሁለት ማዕድን ቆፋሪዎች በቨርጂኒያ ሃምፕተን ውስጥ ድሃ ጥቁር ወጣቶች እየሠሩ የሚማሩበት ትምህርት ቤት መኖሩን ሲጨዋወቱ የሰማውም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ነበር። ከዚህ በኋላ በጄኔራል ሉዊስ ራፍነር ቤት በአገልጋይነት ተቀጠረ። የጄኔራሉ ባለቤት ቫዮላ ራፍነር በጽዳትና በሥራ ጥራት ቀልድ የማያውቁ ሴት ስለነበሩ ብዙ አገልጋይ አይበረክትላቸውም ነበር። ቡከር ግን በረከተ፤ በዚያ ቤት የቀሰመው ሥርዓትም ኋላ የትምህርት በር ከፈተለት።

እ.ኤ.አ. በ1872 ወደ ሃምፕተን ሲነሳ ከፊቱ ወደ 800 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይጠብቀው ነበር። ጥቂቱን በመጓጓዣ፣ ቀሪውን በእግሩና በሰው ጋሪ ተጉዞ ሪችመንድ ከተማ ሲደርስ ኪሱ ባዶ ሆነ። ሌሊት ከእንጨት በተሠራ የእግረኛ መንገድ ሥር እያደረ፣ ቀን ከመርከብ ብረት እያራገፈ ስንቁን ካጠራቀመ በኋላ ጉዞውን ቀጠለ። ሃምፕተን ሲገባ የቀረው ገንዘብ 50 ሳንቲም ብቻ ነበር።

የተጎሳቆለ ልብሱን የተመለከቱት መምህርት ሜሪ ማኪ ሊቀበሉት አመነቱ። ለሰዓታት ካስጠበቁት በኋላ አንድ የመማሪያ ክፍል እንዲጠርግ አዘዙት። ወጣቱ ክፍሉን ሦስት ጊዜ ጠረገው፣ አራት ጊዜ ወለወለው። መምህርቷ በመሐረባቸው ግድግዳውንና ጠረጴዛውን አሽተው ቅንጣት አቧራ ባጡ ጊዜ መግባቱን ፈቀዱለት። ለምግብና ለመኝታ የሚከፍለውን ለመሸፈንም በጽዳት ሠራተኛነት እያገለገለ ትምህርቱን እ.ኤ.አ. በ1875 አጠናቀቀ።

በጄኔራል ሳሙኤል አርምስትሮንግ የተመሠረተው ሃምፕተን ተማሪው በእጁ እየሠራ የሚማርበት ተቋም ነበር። ቡከር ዋሽንግተን በማልደን ካስተማሩና በርዕሰ ከተማዋ ዋሽንግተን ለአጭር ጊዜ ከተማሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1879 ወደ ሃምፕተን በመምህርነት ተመለሱ። ቀን ሠርተው ማታ የሚማሩ ወጣቶችን ክፍል በኃላፊነት መምራታቸው ለኋላው ሥራቸው መሠረት ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በ1881 ከአላባማ ግዛት ተስኪጊ ከተማ ወደ ጄኔራል አርምስትሮንግ ደብዳቤ መጣ። የግዛቲቱ ምክር ቤት ለጥቁር መምህራን ማሠልጠኛ በየዓመቱ 2 ሺህ ዶላር መድቦ ነበርና የሚመራው ሰው ተፈለገ። ለዚህ ውሳኔ ትልቅ ድርሻ ከነበራቸው መካከል አንዱ በባርነት ዘመናቸው የቆርቆሮ፣ የጫማና የፈረስ ዕቃ ሥራ የተማሩት ሉዊስ አዳምስ ናቸው። የ25 ዓመቱ መምህር ለቦታው ታጭተው ሲደርሱ ገንዘቡ ለደመወዝ ብቻ የሚውል እንጂ መሬትም ሆነ ሕንፃ አለመዘጋጀቱን ተገነዘቡ።

ትምህርቱ ሐምሌ 4 ቀን 1881 እ.ኤ.አ. በ30 ተማሪዎች፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በነበረች ያረጀች ጎጆ ተጀመረ። ጣሪያዋ ስለሚያፈስ ዝናብ ሲጥል አንዱ ተማሪ ከመቀመጫው ተነስቶ ለመምህሩ ጃንጥላ ይይዝላቸው ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ዋና ቤቱ የተቃጠለበትን 100 ኤከር ገደማ የሚሆን የተተወ እርሻ በ500 ዶላር ለመግዛት ተስማሙ። ለመጀመሪያው ክፍያ የሚሆነውን 250 ዶላር የሃምፕተን ገንዘብ ያዥ ከግል ገንዘባቸው አበደሯቸው። የቀረውን ለማሟላት ኋላ ባለቤታቸው የሆኑት መምህርት ኦሊቪያ ዴቪድሰን ከከተማው ነዋሪ እስከ ሰሜን ግዛቶች ለጋሾች ድረስ እየዞሩ ዕርዳታ አሰባስበዋል።

እርሻውን መመንጠር ሲጀመር ከባዱ ፈተና ከተማሪዎቹ ዘንድ መጣ። ብዙዎቹ ትምህርት ማለት ከመቆፈርና ከመሸከም መገላገያ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ወላጆችም ልጆቻቸው መጽሐፍ ብቻ እንዲማሩ እንጂ እንዲሠሩ አለመላካቸውን በመልእክትና በአካል ያስታውቁ ነበር። ትናንት በጅራፍ እየተገረፈ በነፃ ሲቆፍር የኖረ ሕዝብ ዶማን የባርነት ምልክት አድርጎ ቢያይ የሚያስገርም አይደለም። ምክንያቱ ይለያይ እንጂ የእጅ ሥራን መናቅ በአገራችንም የነበረ ችግር ሲሆን፣ ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ባለእጆች በሙያቸው እንዳይሰደቡ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ እስከማስነገር መድረሳቸው ይታወሳል። ቡከር ዋሽንግተን ግን አዋጅ የማወጅ ሥልጣን አልነበራቸውም። መጥረቢያቸውን ይዘው ከተማሪዎቹ ፊት ቀድመው ወደ ጫካው ገቡ። መምህሩ ራሳቸው ሲመነጥሩ ያዩ ወጣቶችም ቀስ በቀስ ተከተሏቸው።

የትምህርት ቤቱን ባሕርይ ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የጡብ ሥራው ታሪክ ነው። በከተማው ጡብ የሚያመርት አልነበረም፤ ትምህርት ቤቱም ሕንፃ ያስፈልገው ነበር። ተማሪዎቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው ያዘጋጁት 25 ሺህ ያህል ጡብ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢተኮስም ምድጃው በአግባቡ ባለመሠራቱ ከሸፈ። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛው ሳምንት ያህል ከነደደ በኋላ ሊጠናቀቅ ሰዓታት ሲቀሩት በሌሊት ተደረመሰ። ባልደረቦቻቸው ነገሩ እንዲቀር ሲመክሩ፣ ለአራተኛው ሙከራ ሰባራ ሳንቲም ያልነበራቸው መምህር ሰዓታቸውን ሞንትጎመሪ ከተማ ወስደው በ15 ዶላር አስያዙ። አራተኛው ምድጃ ተሳካ፤ ሰዓቱ ግን መያዣነቱ ጊዜው ስላለፈበት ሳይመለስ ቀረ።

ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ የተስኪጊ ተማሪዎች በአንድ ወቅት 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ጥራቱን የጠበቀ ጡብ ለማምረት በቅተዋል። በዚያን ጊዜ ከነበሩት 40 ሕንፃዎች መካከል ከአራቱ በቀር ሁሉም በአብዛኛው በተማሪዎች እጅ የተሠሩ ነበሩ። ለትምህርት ቤቱ ደንታ ያልነበራቸው ነጭ ጎረቤቶች ሳይቀሩ ጡብና ጋሪ ለመግዛት ይመጡ ጀመር። በየከተማው ተበትነው በግንበኝነት የተሰማሩት ምሩቃንም ትምህርት ቤቱ የሰጣቸው ሙያ ገበያ ላይ ዋጋ ያለው መሆኑን አስመስክረዋል።

መክፈል ለማይችሉ ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1884 የማታ ትምህርት ተጀመረ። ተማሪው ቀን 10 ሰዓት በአንድ ሙያ ላይ ይሠራል፣ ማታ ሁለት ሰዓት ይማራል። ከሥራው ዋጋ የሚተርፈው እየተጠራቀመለትም ወደ ቀን ትምህርት ሲሸጋገር ለወጪው ይውላል። አናጺነት፣ ግንበኝነት፣ አንጥረኝነት፣ ኅትመት፣ ልብስ ስፌትና የወተት ልማት ከሚሰጡት ሙያዎች መካከል ነበሩ። ለዚህም የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የመጀመሪያው ጥቁር ምሩቅ የነበሩት የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ሮበርት ቴይለር፣ እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮም የግብርና ሊቁ ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር በመምህርነት ተቀላቅለዋል። ወደ ትምህርት ቤት መምጣት ለማይችሉ ገበሬዎችም እ.ኤ.አ. በ1906 የእርሻ መሣሪያና ዘር የጫነ ተንቀሳቃሽ የማስተማሪያ ጋሪ ወደ መንደሮች መላክ ተጀመረ።

የቡከር ዋሽንግተን ስም በመላ አገሪቱ የገነነው መስከረም 1895 እ.ኤ.አ. በአትላንታ ባሰሙት ንግግር ነበር። ጥቁሮች ከፖለቲካ መብት ጥያቄ ይልቅ ለጊዜው በሙያ፣ በንብረትና በሥራ ላይ እንዲያተኩሩ ያቀረቡት ሐሳብ በነጮች ዘንድ ጭብጨባን፣ በሌሎች ዘንድ ግን ጥያቄን አስነሳ። ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ በማግኘት የመጀመሪያው ጥቁር የነበሩት ዱ ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1903 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የመምረጥ መብት የሌለው ባለሙያ ያፈራውን ንብረት ሊያስጠብቅ እንደማይችል ተከራከሩ። የሙያ ትምህርት ቤቶቹ መምህራን ራሳቸው ከከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የሚመጡ በመሆናቸው የቀለም ትምህርትን ማሳነስ እንደማይገባም አስገነዘቡ።

ትችቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። የአላባማ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1901 ያወጣችው ሕገ መንግሥት ባለሙያውንም ባለንብረቱንም ሳይለይ አብዛኛውን ጥቁር ከመራጭነት መዝገብ አስወጥቷል። በሌላ በኩል ቡከር ዋሽንግተን ይህንኑ ሕግ ለመቃወም ፍርድ ቤት የቀረቡ ክሶችን በምሥጢር በገንዘብ ይደግፉ እንደነበር ከሞታቸው በኋላ በይፋ ታውቋል። በአደባባይ የታገሡትን በስውር ይታገሉት ነበር። ያም ሆኖ በትዕግሥት የሚገኝ ሙያ ብቻውን መብት እንደማያስከብር የኋላው ታሪክ አሳይቷል።

ቡከር ዋሽንግተን ኅዳር 14 ቀን 1915 እ.ኤ.አ. በ59 ዓመታቸው በተስኪጊ ሲያርፉ በአንዲት ጎጆ የተጀመረው ትምህርት ቤት ከ100 በላይ ሕንፃዎችና 1 ሺህ 500 ያህል ተማሪዎች ነበሩት። ከባለሀብቱ ጁሊየስ ሮዘንዋልድ ጋር የጀመሩት የገጠር ትምህርት ቤቶች ግንባታም ከእሳቸው በኋላ ቀጥሎ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1932 ድረስ በደቡባዊ ግዛቶች ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ሊሠሩ ችለዋል።

የተስኪጊ ፍሬ ለአገራችንም ተርፏል። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚያ ትምህርት ቤት የአውቶሞቢል ጥገና የተማሩት ጆን ሮቢንሰን በሺካጎ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት በቀለማቸው ምክንያት ባይቀበላቸው በጽዳት ሠራተኛነት ገብተው ትምህርቱን በመከታተል አብራሪ ለመሆን መብቃታቸው ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1935 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በፋሽስት ኢጣሊያ ወረራ ወቅት በኢትዮጵያ አየር ኃይል በኮሎኔልነት አገልግለዋል። እ.ኤ.አ. በ1944 ተመልሰውም ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን የበረራ ሙያ ያሠለጠኑ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ያረፉትም አዲስ አበባ ውስጥ ነው።

የቡከር ዋሽንግተን ሕይወት ለዛሬው ወጣት፣ ለአሠልጣኙና ለወላጅ የሚያስተላልፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ሙያ የሚገኘው ሦስቴ ከከሸፈ ምድጃ በኋላ አራተኛውን ለማንደድ በመድፈር ነው። ሥልጠና የሚሰጡ ተቋማትም ወጣቱን ገበያው ከሚፈልገው ሥራ ጋር ማገናኘት፣ ከዚያም አልፎ ወደ ላቀ ዕውቀት የሚወስደውን በር ክፍት አድርገው መጠበቅ ይኖርባቸዋል። መዶሻና መጽሐፍ የተለያዩበት ትምህርት ሁለቱንም ወገን ጎዶሎ ያደርጋልና።