አንቶን ደ ባሪ

ሃይንሪኽ አንቶን ደ ባሪ (ጃንዩዌሪ 26 ቀን 1831 – ጃንዩዌሪ 19 ቀን 1888 እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊ ሐኪም፣ የዕፅዋት ተመራማሪና ከዘመናዊ የፈንገስ ጥናት መሥራቾች አንዱ ነበር። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

በፍራንክፈርት ከሐኪም አባት ተወለደ። እሱም በሃይደልበርግ፣ በማርቡርግና በበርሊን ሕክምና ተምሮ በ1853 ተመረቀ፤ ሆኖም በሐኪምነት የሠራው ለአጭር ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት የሰብል ዋግና አረማሞ ስለሚያመጡ ፈንገሶች መጽሐፍ አሳተመ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሊቃውንት ፈንገሱ ከታመመው ተክል ሕዋሳት የሚፈጠር ነገር ይመስላቸው ነበር። ደ ባሪ ግን ፈንገሱ ራሱን የቻለ ሕያው ነገር እንደሆነና በሽታውን የሚያመጣውም እሱ እንደሆነ ተከራከረ። ይህን ለማሳየት አንድን ፍጥረት ከስፖር እስከ ስፖር በማይክሮስኮፕ ሳያቋርጡ መከታተል ያስፈልግ ነበር።

ዘዴውን በአረንጓዴ አልጌዎችም ላይ ሠርቶበታል። በ1858 ስፓይሮጋይራንና ዘመዶቹን የሚመለከት ትልቅ ጥናት አወጣ። የስፓይሮጋይራ ክር በኩሬ ውሃ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ዝልግልግ ነው፤ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ አረንጓዴው ክፍል እንደ ጥብጣብ ይጠመዘዛል። በመራቢያ ጊዜ ሁለት ክሮች ጎን ለጎን ሆነው በመካከላቸው ቧንቧ ይሠራሉ፤ የአንዱ ሕዋስ ይዘት በቧንቧው ወደ ሌላው አልፎ ይዋሐዳል፤ ከዚያም ወፍራም ግድግዳ ያለው ስፖር ይሆናል።

በበርሊን ያስተማረው አሌክሳንደር ብራውን ደግሞ በአልጌ ላይ የሚኖር ጥቃቅን ፈንገስ ገልጾ ኪትሪዲየም ብሎት ነበር፤ በግሪክኛ ትንሽ ማሰሮ ማለት ነው። ስሙ ተስማሚ ነው፦ በአልጌው ሕዋስ ላይ ክዳን ያለው ማሰሮ መሳይ ከረጢት ይቀመጣል፤ ከሥሩም ቀጫጭን ክሮች ወደ ውስጥ ገብተው ምግቡን ይመጥጣሉ። ክዳኑ ሲከፈት አንድ አንድ ጅራት ያላቸው ስፖሮች እየዋኙ ይወጣሉ። በ1863 ደ ባሪና ሩሲያዊው ሚካኤል ቮሮኒን ዳንደላየን በሚባለው ተክል ውስጥ የሚኖር ሌላ የኪትሪድ ወገን ገለጹ፤ ሲንኪትሪየም አሉት። ይህኛው ክር የሚባል ነገር የለውም። በተክሉ ሕዋስ ውስጥ አድጎ መላ አካሉ ወደ ስፖር ከረጢቶች ይከፋፈላል።

ከ1845 ጀምሮ በአየርላንድ ድንቹን አበስብሶ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብ ያስጨረሰውን በሽታ በ1861 መረመረ፤ ስፖሩን በጤነኛ ድንች ላይ ሲያኖር በሽታው ተነሣ። የድንቹን ተባይ ሁሉም ፈንገስ ይለው ነበር፤ ዛሬ ግን ከእውነተኛ ፈንገሶች ተለይቶ ይመደባል፣ ኪትሪዶች ግን ፈንገስ እንደሆኑ ቀርተዋል። በ1865 ደግሞ የስንዴ ግንድ ዋግ፣ ያው የኢትዮጵያ ገበሬ የሚያውቀው ዋግ፣ ሕይወቱን በሰብልና ባርቤሪ በተባለ ቁጥቋጦ ላይ እየተፈራረቀ እንደሚፈጽም አረጋገጠ። የአውሮፓ ገበሬዎች ቁጥቋጦውን ቀድሞም ይጠረጥሩት ነበር።

በ1879 ባሳተመው ጽሑፍ ሲምባዮሲስ የሚለውን ቃል የተለያዩ ፍጥረታት አብሮ መኖር ብሎ አብራራው። ዋና ምሳሌው ፈንገስና አልጌ አንድ አካል የሚሠሩበት የድንጋይ ሽበት ነበር። ዛሬ ቃሉ ለመጠቃቀም ብቻ የተለየ ይመስላል፤ ደ ባሪ ግን ጥገኛና ጎጂ የሆነውንም ኑሮ በውስጡ ጨምሮ ነበር።

በፍራይቡርግና በሃለ ካስተማረ በኋላ በ1872 ወደ ስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የመጀመሪያው ሬክተር ሆነ። በቤተ ሙከራው ከሠሩት መካከል በኋላ በአፈር ባክቴሪያ ጥናት የታወቀው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ይገኛል። ደ ባሪ 57 ዓመት ሊሞላው አንድ ሳምንት ሲቀረው እዚያው ስትራስቡርግ ሞተ።