ራልፍ ቲተር፦ የፍጥነት መቆጣጠሪያና የአሽከርካሪው ኃላፊነት

በአሽከርካሪና በማሽን መካከል ስላለው የሥራ ክፍፍል ዛሬ የሚነሣው ክርክር ከኮምፒውተር ዘመን ይቀድማል። ከመነሻዎቹ አንዱ የዓይነ ስውሩ መሐንዲስ የራልፍ ቲተር ሕይወት ነው።

ቲተር እ.ኤ.አ. በ1890 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት፣ ሃገርስታውን በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለዱ። በአምስት ዓመታቸው በቢላ በደረሰባቸው አደጋ የዓይን ብርሃናቸውን አጡ። ቤተሰባቸው ግን ከሥራ አላገዳቸውም፤ መሣሪያዎችን በመዳሰስ እየለዩ አደጉ። እ.ኤ.አ. በ1912 ከፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ በሜካኒካል ምህንድስና ተመረቁ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የባሕር ኃይል መርከቦች ተርባይን ተሽከርካሪ አካል ሚዛኑን እንዲጠብቅ የማድረጉን አስቸጋሪ ሥራ በጣቶቻቸው ስሜት ተወጡት። እ.ኤ.አ. በ1936 የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ቆይተውም የፒስተን ቀለበት የሚያመርተውን ኩባንያቸውን መሩ።

ለስማቸው መታወቂያ የሆነው ፈጠራ መነሻው፣ እንደሚነገረው፣ ከጠበቃቸው ጋር ያደረጉት ጉዞ ነበር። ጠበቃው ሲናገር መኪናው ይዘገያል፤ ሲያዳምጥ ይፈጥናል። መንገዱን የማያዩት ተሳፋሪ ይህን መዋዠቅ በሰውነታቸው አስተዋሉ። ከብዙ ሙከራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1950 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኙበት መሣሪያ አሽከርካሪውን የሚተካ አልነበረም። መኪናው ከተወሰነለት ፍጥነት ሲደርስ የነዳጅ መስጫው ፔዳል እግርን መልሶ ይገፋል፤ አሽከርካሪው መቅደም ካሻው ግን ግፊቱን አሸንፎ መርገጥ ይችላል። መሣሪያው ያስታውሳል እንጂ አይወስንም ነበር።

ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1958 ሞዴሎቹ ላይ መሣሪያውን ሲያቀርብ ፍጥነትን በራሱ ይዞ የሚያቆይ፣ ፍሬን ሲነካ የሚለቅ ሆኖ ነበር። ኩባንያው አውቶ ፓይለት ብሎ ሰየመው። ስያሜው ግን ከመሣሪያው አቅም በላይ ነበር፤ መሣሪያው ከፊት የቆመን መኪናም ሆነ የሚሻገርን እግረኛ አያውቅምና። እግሩን ያሳረፈው አሽከርካሪ ዓይኑንና መሪውን የማሳረፍ መብት አላገኘም።

ቲተር እ.ኤ.አ. በ1982 ዐረፉ። በአንድ ወቅት የመሩት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 የመኪና አሽከርካሪነት አውቶሜሽንን ከዜሮ እስከ አምስት በደረጃ ከፈለ። በዚህ ምደባ ተራው የፍጥነት መቆጣጠሪያ ዜሮ ደረጃ ላይ ይቀራል፤ በመንገዱ ላይ ለሚሆነው ነገር ምላሽ አይሰጥምና። መሪንም ፍጥነትንም አንድ ላይ የሚይዘው ሁለተኛው ደረጃ እንኳ ሰው ያለማቋረጥ እንዲከታተለው ግድ ይላል። በፔዳሉ ግፊት የተጀመረው ጥያቄ፣ ማለትም ማሽኑ ሲረከብ ሰው ምን ያህል ንቁ ሆኖ ይቆያል የሚለው፣ ዛሬም ገና አልተዘጋም።